ሀብታሙን ከምድር በታች ልናወጣ

ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ሐጂ ሙሄ በእህል መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው፣ እኔ በመምህራን ክበብ፣ ሞስኮን ስንተርክ ሰንብተናል። የሚገርመው ግን የሁለታችን ሞስኮ አንድ ከተማ አይመስልም። በእሳቸው አፍ በረዶው ጉልበት ድረስ ነው፤ በእኔ ቁርጭምጭሚት ድረስ። ነገሩ ጨርሶ ሳይደባለቅ በየቀኑ የሆነውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ያየውን መጻፍ አያቅተውም።

የሄድንበት ጉዳይ ይቅደም። አቶ ይመር ጎረቤቴ ናቸው፤ ከመካነ ሰላም ጥግ የሚኖሩ አርሶ አደር። ልጃቸው ሀብታሙ ተማሪዬ ነበር። ለትምህርት ሞስኮ ሄደና በዚያው ቀረ። ከሰባት ዓመት በፊት ደውሎ «አባዬ፣ እዚሁ አግብቻለሁ፤ አልመለስም» ሲላቸው አቶ ይመር በንዴት «ምድር ትዋጥህ!» ብለው ስልኩን ዘጉበት። ዓመት ሳይሞላ ሀብታሙ የምድር ውስጥ ባቡር ሾፌር ሆነ የሚል ወሬ መጣ። እኛ ዘንድ የአባት እርግማን ቀልድ አይደለም። አቶ ይመር ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጡ። ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን የእህል ጉድጓድ እንኳ ማየት ስላስጠላቸው አፈር ሞልተው ደፈኑት። «በገዛ አፌ ቀበርኩት» ይላሉ። እርግማን የሚነሣው ደግሞ በረገመው አፍ ነው፤ አባት ይመርቃል፣ ልጅ «አሜን» ይላል፣ ያኔ ይነሣል። ሀብታሙ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ስልክ አያነሣም።

ከእኔ ጋር በበዓል በበዓሉ እንደዋወላለን። ዘንድሮ «ቲቸር፣ መጥተህ ጎብኘኝ» ብሎ ሚስቱ ኦልጋ የጥሪ ወረቀት ስትልክልኝ አቶ ይመር ሰሙ። ሽማግሌ አንድ ሰው አይሆንምና ሐጂ ሙሄን ጨምረው ላኩን፤ ለእሳቸውም ወረቀት መጣላቸው። ሐጂ የአቶ ይመር የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለመጡ በውጭ አገር ነገር ከእኔ በላይ ላሣር ይላሉ። የአቶ ይመር መልእክት አጭር ነበር። «መጀመሪያ አውጡልኝ። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላ ሥራ ይያዝ። ከወጣ እመርቀዋለሁ። እዚያ ውስጥ ሆኖ ግን ምን ብዬ ልመርቀው?»

«ይተዉት ለእኔ፤ ተማሪዬ ነው፣ አወጣዋለሁ» አልኳቸው።

ሰኞ ማለዳ ተነሣን። መንገዱ ሰላም የሚሆንበትን ሳምንት ስንጠብቅ ሁለቴ ቀን ቀይረን ነበርና፣ አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እኔ አማተብኩ። አቶ ይመር እስከ መንገዱ ሸኙን። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆመው አዩን። አቀስታ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦም ያንቀጠቅጣል። አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት ከሰሉ አጠገብ አስቀመጠችን። ሐጂ ሞስኮ እንደምንሄድ ሲነግሯት «ምነው፣ የአቀስታ ብርድ አነሳችሁ?» አለችና ትኩስ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን። ጎማው እስኪሠራ ከዚያ አልተነቃነቅንም። ደሴ አድረን ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በረርን፤ ረቡዕ ጧት ደግሞ ወደ ሞስኮ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ካርታዬን ዘርግቼ ሐጂን አስተማርኳቸው። ሞስኮ ከእኛ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት፤ ሰዓቷም ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያም ስድስት ሰዓት ነው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ «እንግዲያማ ሩቅ አይደለም» ብለው ተኙ።

እዚያ ስንደርስ ፈታሹ የሐጂን ሻንጣ ከፍቶ በሶውን አገኘው። አሸተተ፣ እኛን አየ፣ መልሶ አሸተተ። ሐጂ ቆንጥረው ቃሙና ለሰውዬውም በእጃቸው ዘረጉለት። ሰውዬው እምቢ ማለት አፈረ መሰለኝ ተቀብሎ ወደ አፉ ጣለው። በደረቁ በሶ የቃመ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እንባው እስኪመጣ ሳለ፤ ባልደረቦቹ እየሳቁ ውኃ አመጡለት፣ እኛንም በእጃቸው እለፉ አሉን። ሀብታሙ ውጭ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ወፍሯል፣ ከፊት ለፊት ጸጉሩ ሸሽቷል። ጎንበስ ብሎ የሐጂን ጉልበት ሊስም ሲል ሐጂ ብድግ አድርገው አቀፉት።

ከምድር በታች ነው የተባለው ልጅ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ኦልጋ ጠረጴዛውን ሞልታ ጠበቀችን። ነገር ግን ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ኦልጋ ወንበሩ የጎረበጠን መስሏት ትራስ አመጣች። አሁንም ቆመን ስንቀር ሌላ ወንበር አመጣች። በመጨረሻም የራሷን ባለ ስፖንጅ ወንበር ከመኝታ ቤት እየጎተተች ስትመጣ ሀብታሙ በሳቅ ሞተ። ሲስቅ ቆየና ፊቱ ተለወጠ።

«ሐጂ፣ ቲቸር፣ ይዛችሁ የመጣችሁትን አውቃለሁ» አለ። «ሥራህን ትተህ ውጣ ልትሉኝ ነው። ግን ያላያችሁትን ቦታ ውጣ አትሉኝም። ሦስት ቀን እዩት። እሑድ ቃላችሁን ተናገሩ፣ እኔም እሰማለሁ። እስከዚያ ተቀመጡልኝ፤ ይቺ ሴት ከጧት ጀምራ ስታበስል ነው የዋለችው።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀጠሮ ከሰጠን ቃላችንን ተቀብሎታል ማለት አይደል?»

«ነው» አልኩ፤ ርቦኝ ነበር።

ተቀመጥን። ኦልጋ ሐጂ ያልታረደላቸውን ሥጋ እንደማይበሉ አስባ ዓሣ ሠርታ ነበር። ደም የመሰለውን የቀይ ሥር ሾርባ መጀመሪያ ፈራነው፤ በኋላ ሁለት ሁለት ሳህን ጠጣን።

ሐሙስ ሀብታሙ ዕረፍት ስለነበረ ይዞን ወረደ። ሜትሮ ነው የሚሉት። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይደለም፤ በሩ ግን ከባድ ነው፣ ሲከፈትም ከውስጥ ሞቃት ነፋስ ይገፋሃል። ከዚያ ራሱ የሚሄድ ደረጃ አለ። አዲስ አበባ ሕንፃዎች ውስጥ ያየሁት ዓይነት ነው፤ ግን ያ የልጅ መጫወቻ ነው። የዚህኛው ታች አይታይም። ሐጂ እግራቸውን አስቀደሙና መለሱ። ደግመው አስቀደሙና መለሱ። ከኋላችን ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ፤ አንድም ሰው አልጮኸብንም። ሀብታሙና እኔ ወርደን ቀድመናቸዋል፤ ወደ ላይ መመለስ አይቻልም። ይሄኔ አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ወጣት የሐጂን ክንድ ያዝ አድርጋ ይዛቸው ገባች። በሰዓቴ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ነው የወረድነው፤ እሷም ሦስት ደቂቃ ሙሉ ክንዳቸውን አልለቀቀችም። ታች ሲደርሱ ሐጂ ቆመው በአማርኛ መረቋት። ምርቃታቸው ረጅም ነው። ልጅቱ አንድ ቃል ሳትረዳ እስኪጨርሱ ቆማ ሰማቻቸውና ሄደች።

ከመካነ ሰላም ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው ይህን ቁልቁለት በቀላሉ ይረዳዋል። ላይ ደጋ ነው፣ በመሐል ወይና ደጋ፣ ከታች ቆላ። እዚህም እንዲሁ ነው፤ ላይ በረዶ ትተን ገብተን ከታች ካፖርታችንን አወለቅን። ልዩነቱ አባይን ወርዶ ለመውጣት ጉልበት ያልቃል፤ እዚህ ቆመህ ትወርዳለህ፣ ቆመህ ትወጣለህ።

ጉድጓድ ጠብቀን ነበር። ያገኘነው ግን ወለሉ እብነ በረድ፣ ዓምዱ እብነ በረድ፣ ከጣሪያው ትላልቅ መብራት የወረደበት አዳራሽ ነው። ዞር ስል ሐጂ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እየፈቱ ነው።

«ሐጂ፣ ባቡር ጣቢያ ነው እኮ!» አለ ሀብታሙ።

«ይሄ? ወላሂ እኔ በጫማ አልረግጠውም ነበር» አሉና እያዘኑ መልሰው አሰሩት።

እኔን የገረመኝ ሰዓቱ ነው። በመሳፈሪያው ጫፍ የሚበራ ሰዓት አለ፤ የሚቆጥረው ያለፈው ባቡር ከሄደ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ነው። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ አላየሁም። እኛ መናኸሪያ ረዳቱ «አሁን እንወጣለን» ካለ በኋላ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለህ፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ቢሰቀልበት ቁጥሩ የሚበቃው አይመስለኝም። ያን ቀን ስምንት ጣቢያ አየን። አንዱ ባለ ሐውልት፣ አንዱ ባለ መስታወት ሥዕል፣ አንዱ ደግሞ ምንም የሌለበት ነጭ ነው። ሐጂ የወደዱት ነጩን ነው።

ዓርብ ሀብታሙ ሥራ ገባ። የመስመሮቹን ካርታ ሌሊቱን ሳጠናው አድሬ ነበርና ሐጂን «እኔ እመራዎታለሁ» አልኳቸው። መስመሮቹ በቀለም የተለዩ ናቸው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ሁሉም ከከተማው ዳር ወደ መሐል ይገባሉ፤ ቡናማው ደግሞ ሁሉንም እያቋረጠ ክብ ይዞራል። ሀብታሙ የሚነዳው ይህን ክቡን ነው። ጣቢያ የሚጠራው ድምፅ ክቡን በአንድ በኩል ሲዞር የወንድ ነው፣ በሌላው በኩል የሴት። ይህን ሁሉ አውቄ የምጠፋ አልመሰለኝም።

የክቡ መስመር ባቡር ፉርጎ ውስጥ ሲገቡ ሐጂ፣ መካነ ሰላም ሚኒባስ ውስጥ እንደሚገቡት፣ ጮክ ብለው «አሰላሙ አለይኩም!» አሉ። ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና አለ። ከጥግ በኩል አንድ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ብቻ «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ ተነሣና ወንበሩን ለቀቀላቸው። ኡዝቤክ ነው፣ የኡዝቤኪስታን ሰው። ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅና በአላህ ስም ወሬ ጀመሩ። እኔ ጣቢያ እቆጥራለሁ። መውረጃችን ሲደርስ «እንውረድ» ብዬ ወረድኩ። ዞር ስል በሩ ተዘጋ። ሐጂ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን እያወዛወዙ እያወሩ ሄዱ።

ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ ስልክ የላቸውም፣ አድራሻ አያውቁም፤ ለልጆቻቸው ምን እላለሁ? ካርታዬ ከእጄ ወደቀ። ከደረጃው ሥር በመስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የጣቢያው ሴትዮ አየችኝና ወጥታ ካርታውን አነሣችልኝ። ኮፍያዬን እንደ ሐጂ ቆብ አድርጌ፣ ጢማቸውን በእጄ ሠርቼ፣ ባቡሩ የሄደበትን አሳየኋት። ሳቀች። ጣቷን ካርታው ላይ ባለው ቡናማ ክብ አዞረችና የቆምንበትን መሬት በእግሯ መታ መታ አደረገች፤ እዚሁ ይመጣል ማለቷ ነው። ከዚያ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳችልኝ። አጠገቧ ቆሜ ጠጣሁ።

ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሐጂ ከዚያው በር ወረዱ። ኡዝቤኩ አብሯቸው ነው፤ በእጃቸው ደግሞ የበሉት ግማሽ ፖም።

«የት ሄድክ?» አሉ በቁጣ።

«እኔ? እርስዎ ናቸው እንጂ የጠፉት!»

«እኔ ከተሳፈርኩበት አልወርድም። መኪና ዞሮ ወደ መናኸሪያው ይመጣል። መጣ ወይስ አልመጣም?»

መጣ። ምን ይባላል? ኡዝቤኩ ከሥራው ዘግይቶ ሙሉውን ክብ አብሯቸው ዞሯል፤ ደረቱን በእጁ ነክቶ ተሰናበተን። ማታ ራት ላይ ሐጂ «ግማሽ ሰዓት ከምድር በታች ብቻዬን ነበርኩ» አሉኝ። «የተቀበርኩ አልመሰለኝም።»

ቅዳሜ ሀብታሙን ለብቻው አገኘሁት። በመስኮቱ በረዶ እያየን የአባቱን ስልክ ለምን እንደማያነሣ ጠየቅኩት።

«እርግማኑን ፈርቼ አይደለም፣ ቲቸር» አለ። «ምድር በየቀኑ ትውጠኛለች፤ በየቀኑ መልሳ ታወጣኛለች፤ ለምጄዋለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከቤት "ሥራህ እንዴት ነው?" ያለኝ ሰው የለም። የሚመጣው መልእክት ሁሉ "መቼ ትወጣለህ?" ነው። አሁን ወጥቼ ቢመርቀኝ የሠራሁት ሁሉ እርግማን ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ሥራ ፈልጌ፣ ተፈትኜ፣ ወድጄ ነው የያዝኩት። የአባቴ ምርቃት ናፍቆኛል፤ አልዋሽህም። ከመረቀኝ ግን እዚያው ሥራዬ ላይ ይመርቀኝ። ካልሆነ ይቅር።»

አባት «ይውጣና ልመርቀው» ይላል፤ ልጅ «ሳልወጣ ይመርቀኝ» ይላል። እኔ ደግሞ አወጣዋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ የመጣሁ ነኝ። ያን ቀን የትም አልሄድንም።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሀብታሙ ሥራ ይገባል። ሾፌሮች የሚቀያየሩት ክቡ መስመር ላይ በአንድ ጣቢያ መሳፈሪያ ጫፍ ነው፤ ቃላችንን እዚያ እንድንነግረው ቀጠረን። እኔና ሐጂ ቀድመን ሄድን፤ ደረጃውን ሐጂ አሁን ያለ ደጋፊ ወረዱት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን መከርን። ምክሩ ረጅም አልነበረም። እኔ «ውጣ ማለት አልችልም» አልኩ። ሐጂ «እኔ መቼ እችላለሁ?» አሉ። «ታዲያ የሚለመነው ልጁ አይደለም፤ ይመር ነው። ደውል።»

ሀብታሙ የደንብ ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ስልኩ እየጠራ ነበር። ሰባት ደቂቃ አለኝ አለ። እኛ አገር ለኔትወርክ ጉብታ እንወጣለን፤ እዚያ ከምድር በታች ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ይመር፣ ሙሄ ነኝ» አሉ ሐጂ።

«ወጣ?» የአቶ ይመር ድምፅ ነው።

«አልወጣም። እኔም ገብቻለሁ። አሁን የማናግርህ እዚያው ውስጥ ሆኜ ነው።»

«አየር አለ?» አሉ አቶ ይመር።

«አለ።»

«ብርሃንስ?»

«ኧረ ዓይን ያጠፋል።»

«ይበርደዋል?»

«ይመር፣ ስማኝ። ብርዱ ላይ ነው። እዚህ ቆላ ነው። ልጅህ በሸሚዝ ነው የቆመው። አራት ቀን አየሁት፤ ወላሂ እርግማን ያለበት ቦታ እንዲህ አይሆንም። አብሽር።»

ስልኩን ተቀበልኳቸው። «አቶ ይመር፣ አወጣዋለሁ ብዬዎት ነበር» አልኩ። «ተሳስቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ሰው ከቤቱ የሚያደርስ ሰው ነው። እዚሁ ባለበት ይመርቁት፤ ሌላ ምርቃት አይፈልግም።»

የአቶ ይመርን የትንፋሽ ድምፅ እሰማለሁ። ሰዓቱ ሰከንድ ይቆጥራል፤ አንድ ባቡር መጣ፣ ሄደ። ሀብታሙ ወለሉን እያየ ቆሟል። እምቢ ያሉ መሰለኝ።

«በል አቅርብልኝ» አሉ በመጨረሻ።

ሀብታሙ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ ሐጂ «ድምፁን ክፈተው፤ ምርቃት ለብቻ አይሰማም» አሉት። ከፈተው።

«ሀብታሙ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ያን ቀን የተናገርኩትን ፈጣሪ ከአፌ ያንሣው።»

«አሜን» አልን ሦስታችንም። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እኔም ዘረጋሁ።

«የገባህበት ይብራልህ። የያዝከው ይቅናህ። የጫንከው ሰው በደኅና ይግባ። ሚስትህ ትባረክ። ልጅ ወልደህ ልጅህ አይራቅህ።»

«አሜን፣ አሜን» አለ ሀብታሙ። ያለቅስ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረም። የሚያልፉት ሰዎች መንገድ ከፍለው በግራና በቀኛችን ይሄዳሉ። አንዲት አሮጊት ቆም ብለው አዩንና፣ ምን እንደገባቸው እንጃ፣ አማተቡ።

ከዋሻው መብራት ወጣ። ባቡሩ ጥጉ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ የፊተኛው በር ተከፍቶ ተረኛው ሾፌር ቦርሳውን ይዞ ወረደ።

«አባዬ፣ ባቡሬ መጣ» አለ ሀብታሙ።

«ሰው አለበት?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ያቆምሃል? ሂድ ንዳ፤ ሰው አታስጠብቅ።»